ሰርቪሱ አይሸጥም

በትራንሲልቫኒያ ኮረብታዎች ሥር በምትገኘው በፕሩኔት መንደር፣ ሰባ ዓመት ያለፋት ባልቴት ቬቱሪያ ከሁሉም የሚሰፋ ቤት ነበራት። ቅድመ አያቷ ያሠራው ይህ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ ኮርኒሱ በአበባ ሥዕል ያጌጠ፣ ምድር ቤቱ የወይን በርሜሎችን አሰልፎ የሚይዝ ነበር። ቬቱሪያ ግን ኖራበት አታውቅም።

እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ፣ እርሷም የምትኖረው በግቢው ጥግ ባለችው፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነ ዝቅተኛ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ ተወለደች፤ ልጆቿንም እዚያው፣ ከምድጃው አጠገብ ወለደች። ዋናው ቤት ለፋሲካ፣ ለቄሱ፣ ለሠርግና ለሬሳ የተጠበቀ ነበር። በጥልፍ አንሶላ በተነጠፈው ትልቅ አልጋ ላይ የተኛችው በሠርጓ ዕለት ብቻ ነው። ያን ዕለትም ቢሆን ባሏ ኢላሪዬ ጥርሱ በብርድ እየተንቀጫቀጨ «ኧረ ቬቱሪያ፣ ሰው ወደሚኖርበት እንሂድ!» አላት፤ ሁለቱም ብርድ ልብስ ተከናንበው ወደ ማድ ቤቱ ሮጡ።

ኢላሪዬ በሕይወት ሳለ የተሰበረውን የጣሪያ ሸክላ እየወጣ ይተካ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ግን ዝናቡ ከኮርኒሱ አበቦች መካከል ቡናማ ጥላ መጣል ጀመረ። ቬቱሪያም ቤቱ ዓይኗ እያየ ከሚፈርስ፣ ጉልበት ያለው ሰው ቢይዘው ይሻላል ብላ ቆረጠች፤ ዶሪኔል የሚባል ደላላም ከከተማ አስጠራች። ደላላው «ሰፊ፣ ታሪካዊ የገጠር ቤት ከነሰርቪሱ» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። እርሷ አላነበበችውም፤ የገዛ ቤቷን ከወረቀት ላይ ምን ብላ ታነብበዋለች?

በሚያዝያ ከክሉዥ ከተማ ገዥዎች መጡ፤ ስማራንዳ የምትባል መምህርትና አናጢው ባሏ ሆራትዩ። ቬቱሪያ ሁሉንም ጫማ አስወልቃ፣ ክፍል በክፍል አዞረቻቸው። ስማራንዳ በካልሲዋ ቀዝቃዛው ወለል ላይ እየተንቀጠቀጠች፣ በመንደሩ ታላቅ ሴት በምትከበርበት መጠሪያ ጠራቻት።

«ሌሌ ቬቱሪያ፣ እርስዎ የሚተኙት የትኛው ክፍል ነው?»

«እዚህ? ምን በወጣኝ! እንግዳ ነኝ እንዴ?»

ዶሪኔል ጣልቃ ገባ። «ሌሌ የሚኖሩት እዚያ ሰርቪሱ ውስጥ ነው። እሱን አፍርሳችሁ መኪና ማቆሚያ ማድረግ ትችላላችሁ።»

«ምኑን ነው የሚያፈርሱት?»

«ማድ ቤቷን ነዋ፣ ሌሌ። አብራ አይደል የምትሸጠው?»

ቬቱሪያ ወደ ደላላው ዞረች።

«አንተ ዶሪኔል! ቤቴን ሽጥልኝ አልኩህ እንጂ፣ ኑሮዬን ሽጥልኝ አልኩህ?»

«ቤት ሲሸጥ ከነግቢው ነው እኮ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።»

«ዓለም ሁሉ ታዲያ ምሳውን የት ነው የሚበላው?» አለችና ጫማዋን አጠለቀች። «በቃ፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ጣሪያውም ከፈለገ ይናድ!»

ይሁን እንጂ በፕሩኔት እንግዳን ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው። ስለዚህ ቬቱሪያ እንደተቆጣች ሦስቱንም ወደ ማድ ቤቷ አስገባች፤ የበቆሎ ገንፎ በበግ አይብ፣ ከጎኑም የፕለም አረቄ አቀረበችላቸው። የስማራንዳ ካልሲ ከምድጃው በላይ ተሰቀለ። ሆራትዩ ሦስተኛ ጊዜ አስጨምሮ ሲያበቃ፣ ጣሪያውንና አልጋውን፣ ደግሞም ድመቷን ቃኘና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌሌ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ... ሰርቪሱን እኛ ገዝተን ቤቱ ለእርስዎ ቢቀርስ?»

ቬቱሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አንተ ክፉ! በረዶ ቤት ልታስገባኝ?»

«እንግዲያው ማድ ቤቷ በስምዎ ትቆይ» አለች ስማራንዳ። «ጣሪያውን ሆራትዩ ያድሳል። እርስዎ ደግሞ ሲበርደን በር አይዝጉብን።»

«ግቢው ለሁለት ሲከፈል እኮ ዋጋው...» ብሎ ዶሪኔል ጀመረ።

«ዶሪኔል፣ ገንፎህን ብላ» አለችው ቬቱሪያ። ውሉም በዚሁ መሠረት ተጻፈ።

በበጋው ሆራትዩ ጣሪያውን አደሰ፤ ኮርኒሱም ደረቀ። ብርዱ ሲገባ ስማራንዳ ጨው ልትለምን ወደ ማድ ቤቱ መጣች፤ በማግስቱ ሁለቱም ያለ ምክንያት መጡ። የገና በዓል ሳይደርስ የመምህርቷ መጻሕፍት ከድስቶቹ ጎን ተደርድረው ነበር። ሆራትዩም ከማድ ቤቷ ኋላ አንዲት ትንሽ መኝታ ቤት ቀጠለ።

በጸደይ ዶሪኔል ሊጠይቃቸው መጣና ጭቃ በያዘ ጫማው ወደ ዋናው ቤት አመራ። ስማራንዳ ጭልፋ እንደያዘች ከማድ ቤቱ በር ላይ ጮኸች።

«ኧረ ጫማህን! ቤቱ እኮ የእንግዳ ነው! ና ወደዚህ፣ ሰው ወዳለበት!»

ቬቱሪያ ከምድጃዋ ሳትነሣ፣ ፈገግ ብላ ለዶሪኔል ሳህን አወጣች።