ቀጥቃጩን እንስጥ የተባለ ጊዜ

ዓመተ ምሕረቱን ልንገራችሁ ብል እዋሻለሁ፤ ጠፍቶብኛል። የማስታውሰው ገብሱ ዘለላ አውጥቶ እንደነበር፣ የመጀመሪያ ልጄም ገና ዳዴ ትል እንደነበር ነው። ጃንሆይ አልጋ ላይ ናቸው። መሬት በቃላድ ሊለካ ነው የሚል ወሬ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ በየደብሩ ገብቷል። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው። በእኛ አገር ግን ስሙ ሲነሳ ሰው እንደ ክፉ በሽታ ያማትብ ነበር።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ጥቂቶቹ «መንግሥት ካለ ምን እናደርጋለን፣ ይለካ» አሉ። የበዛነው ደግሞ «ገመድ የነካው ርስት ተመልሶ የእኛ አይሆንም» አልን። እኔም ከበዙት ነኝ፤ አባቴ ያረሰውን መሬት ነው የማርሰው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስበን ማልን። ለለኪዎቹ ድንበር ያሳየ ሰው እሳት እንዳይሰጠው፣ ሲሞትም ቀባሪ እንዳያገኝ ተባለ። ወንድም ከወንድሙ ተኮራረፈ። ክርስትና ቤት እንኳ ሰው ወገኑን እየፈለገ መቀመጥ ጀመረ።

ለኪዎቹ መጥተው የመንደራችን ሹም፣ ጭቃ ሹሙ ቤት አረፉ። በማግስቱ ማምሻውን፣ ከብት ሲገባ፣ ቤቱ ነደደ። ሰው አልሞተም፤ ገመዱም፣ ጎተራ ሙሉ እህሉም ግን ዐመድ ሆነ። ማን እንዳነደደው ያን ጊዜም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም።

አውጫጭኝ ተጠራ። ይህን ለማያውቁት ልጆች ልንገር። ጥፋተኛ ሲሰወር የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ዙሪያውን ዘበኛ ይቆምና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌዎቹ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የጥፋተኛውን ስም ሹክ ይላቸዋል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም።

ተቀመጥን። ዝናቡ ያባራና ተመልሶ ይመጣል። ጤፉ ባረም ተውጧል፤ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን ጭቃ ላይ ነን። ቀጥቃጩ ለብቻው ዳር ላይ ተቀምጧል። ማረሻና ማጭድ የሚሠራልን እሱ ነው፤ ቡዳ ነው እያሉ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ፣

«ማረሻዋ ያዘችልህ?» አለኝ።

«መች አረስኩባትና» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን መቀናጆዬ ተጠግቶኝ ተቀመጠ። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኔም አንድ፤ አቀናጅተን በተራ ነው የምናርሰው። ያን መሃላ አገሩን ያስማለውም እሱ ነው። ቁጡ ሰው ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን የባሰ ያስፈራል።

«ሽማግሌዎቹ ሲጠሩህ ወፍ ነገረችኝ፣ ቀጥቃጩ ነው በል። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው።»

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«አይደለማ። እሱ ነው ማን አለህ? ርስት የለው፣ ወገን የለው፣ ማን ይጠይቅለታል? እሱን ወስደው ደብረ ማርቆስ ያስሩታል፤ እኛ ወደ አረማችን እንገባለን።»

«ቤቱ ሲነድ እኔ እሱ ጋ ነበርኩ። ማረሻዬን ሲቀጠቅጥልኝ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነኝ። ጭሱን አብረን ነው ያየነው።»

«ይህን ለእኔ ነገርከኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማህ» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ብናገር ነገሩ ወደ አገሩ ልጆች ይመለሳል፤ መሃላ አፍራሽ፣ የገመድ ወገን እባላለሁ። እሳት ተከለከልኩ፣ ሚስቴ ከሰው ደጅ ተመለሰች፣ ልጄ ብትሞት ቀባሪ አጣሁ፤ ይህ ሁሉ እዚያው ጭቃው ላይ ታየኝ። ዝም ብል ደግሞ ያ ሰው እየተጎተተ ሲሄድ ፊቴን ያያል። ዛሬ ሰው ደፋር ነበርክ ሲለኝ ይገርመኛል፤ ሁለቴ ተነሥቼ ሁለቴ መልሼ ተቀምጫለሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ሰው ሊጠሩ ሲሉ ቆምኩ። «አባቶቼ፣ ቀጥቃጩ ያን ሰዓት...» ብዬ ድምፄ ጠፋ።

«ጮክ በል፣ እንደ ሙሽራ አትሽኮርመም» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

እንደገና ጀመርኩ። «ቀጥቃጩ ያን ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር። ማረሻ እየሠራልኝ ነበር። ሌላ የማውቀው የለም።»

«ልጅህን ልትድርለት ነው እንዴ?» አለ ያው ሰውዬ።

የሳቀ አልነበረም። ሌላው ቀጠለ፤ «ለለኪዎቹ ድንበር ያሳየው ይኸው ነው ማለት ነው።» ዙሪያዬን ማጉረምረም ተነሣ።

ይኼኔ መቀናጆዬ ተነሣ። ጋቢውን አራገፈ፤ አልቸኮለም። እኔንም አላየኝም።

«መሃላውን ያስማልኋችሁ እኔ ነኝ» አለ። «የማልነው ርስታችንን ላንሰጥ ነው። ሰው እንስጥ ብለን አልማልንም። ድንበር አሳየ ያለው ማን ነው? ይነሣና ዐይኔን እያየ ይንገረኝ።»

የተነሣ የለም። ቀጥቃጩን የጠራች ወፍም አልመጣችም። ጥፋተኛው ሳይገኝ ቀረና ያገሩ ሰው በሙሉ የቤቱን ካሳ እንዲክስ ተፈረደ። ቀጥቃጩ እንደ ሁላችንም ወደ ቤቱ ሄደ። ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎልኝ አለፈ።

የካሳው ቂም ግን በእኔ ላይ ቀረ። ድርቆሼ ይነድዳል ብዬ እፈራ ነበር፤ ውሻ ሲጮህ እራቴን ትቼ ደጅ እወጣለሁ። ሰላምታዬን የማይመልሱ ነበሩ። አምበር ገበያ ለብቻዬ መሄድ አስጨነቀኝ፤ መንገዱ ቁጥቋጦ ይበዛዋል።

በገበያ ቀን ከደጄ ጥሪ ሰማሁ። «አልወጣህም? ፀሐዩ ገፋ እኮ።» መቀናጆዬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ስለዚያ ነገር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። እንደ ተናደደብኝ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ብቻ፣ «ደግሞ ሌላ ጊዜ ማረሻህን ሰው ቤት በማይነድበት ቀን አሠራ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ይጠራኝ ነበር። ሰው ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲያየን እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል እንጂ አይቸኩልም። ፍርሃቱ ከሆዴ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ እስኪወጣ ድረስ ከጎኔ ሆኖ ያሻገረኝ ሰው ይኸው መቀናጆዬ ነው።