ከወንድሜ ጀርባ የነበረው ሕንፃ

ሰሞኑን ሳን ሆዜ ከቤቴ ፊት ለፊት አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ሰተት ብሎ ይገባል። ጎረቤቶቼ ያማርራሉ፤ እኔ ቆሜ አሸተዋለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ኦክላንድ የነበረው የመኪና ማቆሚያ ዝናብ ሲመታው እንዲህ ነበር የሚሸተው። ለምን እንደማልረሳው ልንገራችሁ።

ያኔ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ዘመድ የምለው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ ሱዳን ላይ ስንለያይ ለእሱ አውሮፓ፣ ለእኔ አሜሪካ ደረሰን። ወረቀቱ ሲያልቅለት ሊመጣልኝ ቃል ገብቶ ስለነበር ሁለተኛ ትራስ ገዝቼ እጠብቀው ነበር። እስኪመጣ ከደብዳቤው ጋር ፎቶ ይልክልኛል። የዚያን ጊዜ ስደተኛ ፎቶ የሚነሣው የሰው መኪና ተደግፎ ነው፤ እኔም የማላውቀው ሰውዬ ቀይ መኪና ላይ ተደግፌ ልኬለታለሁ። ወንድሜ ግን ሁልጊዜ ሕንፃ ፊት ነበር የሚቆመው።

ከሆቴሉ ጎን፣ በዚያ መኪና ማቆሚያ፣ አንድ የአገሬ ሰው ትኬት ይቆርጡ ነበር። በወጣትነታቸው ሮም አርክቴክቸር የተማሩ ናቸው። ከቁም ሳጥን በማትሰፋ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን የሕንፃ መጽሔት ያነባሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶ ይዤ ስሄድ ወንድሜን አያዩትም፤ የሚያዩት ከጀርባው ያለውን ነው።

«ሮተርዳም» አሉኝ አንዱን ገና ከእጄ ሳይቀበሉ። በማዕዘናቸው የቆሙ፣ ያጋደሉ ቢጫ ቤቶች ነበሩ። ግንበኛው ሰክሮ ነው ስላቸው ሳቁብኝ።

«ቶሎ ጀጅ አታድርጊ፣ ልጄ። መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ እዪ። ቀጥሎ ሰው በየት እንደሚገባ። ለማን እንደተሠራ በሩ ይነግርሻል።»

ቧንቧውን ሁሉ በውጭ ስላደረገው የፓሪስ ሕንፃ ሲያስረዱኝ፣ «አንጀቱን ያወጣው ውስጡን ለሰው ለመልቀቅ ነው» አሉኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀለም ያልነካው ኮንክሪት፣ ሰፊ መስታወት መውደድ ጀመርኩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ረግጬው የማላውቀው የአውሮፓ ደረጃ ናፈቀኝ። እሁድ እሁድ ብቻዬን በኦክላንድ መንገዶች እየዞርኩ የሰው ቤት በር አይ ነበር፤ የማንኳኳው ግን አልነበረኝም።

ከዚያ ፎቶዎቹ ሁሉ ከአንድ ሕንፃ መምጣት ጀመሩ። ነጭ ግድግዳ፣ ረጃጅም በረንዳ፣ ካፖርት የለበሰ ወንድሜ። «ጋሼ፣ አዲሱ አፓርትመንቱ ይመስለኛል» ስላቸው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና፣ «በረንዳው ፀሐይ በደንብ ይይዛል» አሉኝ። ወደ መጽሔታቸውም ተመለሱ።

ሦስተኛው ሲመጣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንዳስተማሩኝ አየሁት። በረንዳዎቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ ዞረዋል፤ አልጋ ይዘው የሚወጡበት ስፋት አላቸው። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፣ ደፍ የለውም። በበሩ አልፎ በሚታየው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ የእጅ መደገፊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ደረጃ በሌለበት ቦታ መደገፊያ የሚፈልገው ማን ነው?

ፎቶውን ይዤ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ሆስፒታል ነው አይደል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«የመጀመሪያውን ስታሳዪኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌተሩ ላይ ፋይን ነኝ ነው የሚልሽ። እሱ የሸፈነውን እኔ ልግለጠው?»

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ተቆጥቼ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ። መልስ ልጽፍለት ስቀመጥ ግን እኔም «ታመሃል ወይ» ማለት አቃተኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሕንፃህን ወድጄዋለሁ። በረንዳው ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ይመስለኛል። ወንበር አውጣና ተቀመጥ። ለእኔ ብለህ አትቁም።»

ከወር በኋላ አንድ ፎቶ መጣ። በረንዳው ላይ የበሽተኛ ልብስ ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጥሎ ተቀምጧል። ከስቶ ፊቱ ዓይን ብቻ ሆኗል። ከፎቶው ጀርባ «እንዳልሽኝ ተቀምጫለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ፎቶ አልመጣም፤ እሱም አልመጣም።

ያንን ፎቶ ለአርክቴክቱ ወሰድኩላቸው። መኪኖች ትኬት እየጠበቁ ጥሩምባ ሲያሰሙ እንኳ ቀና አላሉም። ስለ በረንዳው አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ዓይናችሁ አንድ ነው» አሉኝ።