ዘውዱ፣ የተውሶ ፈረስ ጋላቢ

ዘውዱ ደምሴ በደብረ ታቦር ሜዳ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጋለበ፤ አንድም ቀን በራሱ ፈረስ አልነበረም። ጉግስ ተጫወተ፤ በሽምጥ ግልቢያ ቀደመ፤ የሹማምንት በቅሎ ገራ። አንድ ሠርግ ላይ በውርርድ አህያ ጋልቦ ሁለት ፈረስ ቀድሟል። አህያይቱ ወደ ውርንጭላዋ እየሮጠች ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም።

የጎደለው ስም ነበር። ባላገር ጀግናውን በፈረሱ ስም ይጠራል። ዘውዱ በአንድ ባላባት ፈረስ ባሸነፈ ቁጥር ሜዳው «አባ ነጎድጓድ!» እያለ ይጮኻል። አባ ነጎድጓድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ጠጅ የሚጠጣው ባለፈረሱ ነው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ጎድንዎ ሁለቴ ተሰበረ፤ የገነነው የሰው ስም ነው» አለችው ሚስቱ ጥሩወርቅ።

«ሳልሞት በገዛ ፈረሴ ስም እጠራለሁ።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ። ጉልበትዎ እየተንቋቋ ነው።»

በ1855 ዓ.ም. የጥምቀት ዋዜማ ሁለት ወይፈን ሰጥቶ ከጉና ሥር ከመምሬ ገብረሥላሴ አንድ ዳማ ፈረስ ለወጠ።

«ዐመሉስ እንዴት ነው?»

«እንደኔ ነው፣ ልጄ» አሉ መምሬ።

ዘውዱ ደስ አለው። ፈረሱን መብረቅ ብሎ ሰየመው፤ እንዳይደክምበትም እስከ ቤቱ በእግሩ እየሄደ ሳበው።

በማግስቱ ታቦቱ ከገባ በኋላ ግልቢያው ተጀመረ። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያልፋል። ዳማው ሁሉንም ጥሎ ወጣ። ጥሩወርቅ በሴቶቹ መካከል ቆማ «አባ መብረቅ በሉ እንጂ!» እያለች ሕዝቡን ታስጠና ጀመር።

ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። መምሬ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚሁ ፈረስ ወርደው ሳይሳለሙ ያለፉት ደብር የለም። ዘውዱ በፈረሱ አንገት ላይ ተወርውሮ በሩ ፊት በግንባሩ ተደፋ። የቀሩት ፈረሰኞች አቧራቸውን እያለበሱት አለፉ።

ከበሩ አጠገብ ጥላ ዘርግተው የቆሙት የደብሩ አለቃ ተቆጡ።

«እናንተ! ይህ ሁሉ ጎረምሳ የእግዜርን ደጅ እንደ በረት ሲያልፍ፣ ወርዶ የሰገደው እሱ ብቻ ነው!»

ዘውዱ ሊያስተባብል አፉን ከፈተ። አፉ አፈር ሞልቶት ነበር።

«አባ ስግደት!» አለ አንዱ። ሜዳው ተቀበለው።

«ይነሡ እንጂ፣ ስም ወጣልዎ!» አለችው ጥሩወርቅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

በዳማው አራት ዓመት ጋለበ። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የማይታይበት ሜዳ ስለሌለ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በአንበሳሜ ገበያ ግን የአሸናፊዎቹን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ አባ ስግደትን የማያውቅም እንዲሁ።