ከቧንቧዎቹ ጀርባ

ቤተ ክርስቲያናችን የገዛው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የቧንቧ ኦርጋን፣ ሰው የሚያስገባ ትልቅ የነፋስ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ትተው ነበር። ሎንግ ቢች ከተማ ላለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ ሲፈታታ፣ ትንንሾቹን ቧንቧዎች የምወለውለው እኔ ሆንኩ። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል ብለውኛል። ስለዚህ ኦርጋኑ ውስጥ ገብቼ፣ እያንዳንዱን እየወለወልኩ ከኋላዬ ብርድ ልብስ ላይ በጥንቃቄ ደረደርኩ። ዞር ስል መውጫዬን ራሴ ዘግቼዋለሁ።

ስልኬ ውጭ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል። ብጣራ ሰሚ የለም፤ ብራመድ ቧንቧዎቹን እረግጣለሁ፤ አንድ በአንድ ላንሳ ብል ሰዓቱ ያልፋል። በመጨረሻ እጄ ላይ የነበረውን ቧንቧ አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁት።

የሕንፃው ጠባቂ፣ ሽማግሌው ጋሼ፣ ከግቢ መጡ።

«ዋሽንት ጀመርሽ እንዴ?»

«ጋሼ፣ እዚያው ይቁሙ! እንዳይረግጧቸው!»

«ታዲያ እንዴት ልትወጪ ነው? አንድ በአንድ ላንሳቸው?»

«ልጄ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማለች። እኔን ይተዉኝና እሷን ያምጡልኝ።»

እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብዬ ልጄን መውሰድ እንዲፈቀድላቸው ስማቸውን የትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ ሞልቼ ነበር። መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። የልጄን ድምፅ እስክሰማ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።