ጓያ የበላው ዶቅዶቄ

የዶቅዶቄው ቤንዚን መያዣ ክዳን አልዞር ቢለን በጨርቅ ጠቅልለን በጉጠት ስናጠመዝዘው ድንገት ለቀቀ፤ ከውስጡ የወጣውም ሽታ የቤንዚን ብቻ አልነበረም፣ የተዘጋ ጎተራና የረጋ ውሃ ሽታ ነበረበት። ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጅ ሲጠግን ጠጉሩ የሸበተው ጎረቤቴ ጌትነት በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ሊያይ ሲል እጁን ያዝኩት። እዚያ ውስጥ ያለውን ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥቂት ብቆይ ምን አለበት።

ዶቅዶቄው የድሬሰር ታደሰ ነበር። ፎገራ ሩዝ ሳያውቅ፣ ሜዳው ክረምት ክረምት ውሃ፣ በጋ በጋ የከብትና የጓያ በነበረበት ጊዜ፣ ለሕክምና ሥራ ከሸዋ ተመድቦ መጣና እኛ ቤት ገባ። ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ቀጭን ሰው ነበር። የዶቅዶቄው ድምፅ ሲሰማ የመንደሩ ልጅ ሁሉ መርፌ ፈርቶ ቁጥቋጦ ይገባል፤ እኔ ግን ወደ በሩ እሮጣለሁ። "ጋሼ ታደሰ" ስለው "አቤት ጌታው" ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ጌታው ያለኝ ሰው የለም።

አንድ የነሐሴ ጧት፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ከዋጠው በኋላ፣ ከአጥር ውጭ የወንድ ድምፅ ተጣራ። ማዶ መንደር ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ድሬሰሩ ይድረሱላት አለ። እናቴ ደጅ ስትወጣ ሰው የለም። ቸኩሎ ቀድሞ ሄዷል ብላ ገባች። ጋሼ ታደሰ ቤንዚን ሞልቶ ክዳኑን ሳይገጥም ቦርሳውን ሊያመጣ ሲገባ እኔ ዶቅዶቄው አሳዘነኝ፤ ያን ሁሉ ጭቃ በባዶ ሆዱ እንዴት ይዘልቀዋል ብዬ። አባቴ በሬዎቹን ለከባድ እርሻ ሲያወጣ አስቀድሞ ጓያ ያበላ ነበርና፣ እኔም ሁለት እፍኝ ጓያ ዘግኜ ሆዱ ውስጥ ጨመርኩለት። ጋሼ ታደሰ ወጣ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ጉብታ ጉብታውን ይዞ ሄደ። ድምፁ በውሃው ላይ እየቀጠነ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን አባቴና ጎረቤቶቻችን በታንኳ ወጥተው አገኙት፤ ሰውየውን አይደለም፣ ዶቅዶቄውን። ከቤትም ከመንገድም በራቀ ቦታ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ መካከል፣ በመቆሚያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጋሼ ታደሰ ሁለት ጫማዎች በክራቸው ታስረው መሪው ላይ ተንጠልጥለዋል። ነጫጭ ወፎች ዙሪያውን ከበውት ነበር አሉ፤ አንዱም ግን መቀመጫው ላይ አላረፈም። ሬሳ ተፈልጎ ታጣ። ማዶ መንደር ሄደው ቢጠይቁም ምጥ የያዛት ሴት የለችም፣ የላክነውም ሰው የለም ተባሉ።

አባቴ ሁለት ታንኳ አጣምሮ ዶቅዶቄውን አመጣና ጎተራ ቤት አቆመው። "ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው" አለ። እስኪሞት ድረስ ነሐሴ በመጣ ቁጥር የዶቅዶቄውን ፊት ወደ በሩ ያዞር ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ሌላ ነገር አውቅ ነበራ። ጓያዬ አንቆት መሀል ውሃ ላይ ቆመበት፣ ሰውየውም በእግሩ ሲሄድ ሰጠመ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይኽን ለእናቴም ለነፍስ አባቴም ሳልናገር ሸመገልኩ።

ዘንድሮ ልጆቼ ለቁራሌው እንስጠው ሲሉ ሰማሁና እምቢ አልኩ፤ ሆዱን ሳላይማ አይሄድም። ከጌትነት ጋር በረንዳ ላይ አውጥተን ዝገቱን በሩዝ ገለባ አመድ ፈተግነው፣ ጎማ ቀየርን፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለ መቀመጫውን ቆርጠን ዝቅ አደረግነው።

"ጋሽ ካሴ፣ ቀይ እንቀባውና ሙሽራ ይምሰል" አለኝ።

"ሙሽራዋን አንተ አግባ፤ ይኼ ጥቁር ነው።"

ሆዱን ግን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ እነሆ እሱም ተከፈተ። ይዤው የነበረውን የጌትነትን እጅ ለቀቅኩና በስልኩ አበራ። ጓያው እዚያው ነው። ጠቁሮ እንደ ጠጠር ሆኗል።

"ይኼን ደግሞ ማን አበላው?" ብሎ ሳቀ።

"እኔ" አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁን ተወ። የቤንዚኑን ቧንቧ ፈትቶ፣ ውስጡ ያለችውን ወንፊት አውጥቶ ወደ ፀሐይ አየ፤ ካርቡሬተሩንም ፈታ።

"ወንፊቱ ንጹሕ ነው። አንድም ፍሬ ወደ ታች አልወረደም። ቧንቧው ደግሞ በእጅ ተዘግቷል፤ ቁልፉም ተነቅሏል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አልቆመባቸውም። ሞተር የቆመበት ሰው ይረግጣል፣ ይሳደባል፣ ይገፋል፤ ቧንቧ ዘግቶ፣ ቁልፍ ነቅሎ፣ ጫማ አስሮ አይሄድም። ይኼ ደርሶ የወረደ ሰው ሥራ ነው፣ ጋሽ ካሴ።"

የት ደርሶ? ጌትነት ወንፊቱን ጠርጎ መልሶ ገጠመ።

በማግሥቱ ሽቦ አገናኝቶ ሲረግጠው በአራተኛው ተነሳ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ጥፋቱ የኔ ሳለ ቢያንስ እንዴት እንደሞተ አውቅ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ተሸክሜው እከርማለሁ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ አብረን ነበርን። አሁን የምናዘዘው ኃጢአት የለኝም፤ ሰውየውም ከኃጢአቴ ጋር አብሮ ሄደብኝ።

ጌትነት ከኋላው አፈናጦ ዶቅዶቄው ያኔ ወደተገኘበት ቦታ ወሰደኝ። ሩዝ በሩዝ ሆኗል፤ የሚታይ ምልክት የለም። አንድ ጎልማሳ ከነእናቱ ያርማል።

"አባ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ድሬሰር ታደሰን አልኩት። ከየት ናቸው አለኝ፤ እዚሁ ፎገራ ነበር አልኩት። ወደ እናቱ ዞሮ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ቀና ብለው ወገባቸውን ይዘው አሰቡ፤ ከኔ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም።

"እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ፤ እንዲህ የሚባል ሰው በኛ አገር አልነበረም፣ ልጄ" አሉኝና ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ።