ከኋላ የመጣችው እህቴ

ወሬው የደረሰኝ ከደሃና ወረዳ ስመለስ ነው። ለክትባት ገጠር ገብተን ስንከርም ስልካችን ዝም ብሎ ነበር፤ አቀበቱ ጫፍ ስንደርስ የሁላችንም ባንዴ ይንጫጫ ጀመር። ታናሽ እህቴ ናት የጻፈችልኝ። «እታለም፣ ተመረጥኩ! የብዙ አገር ሰው ለብዙ ዓይነት ስፖርት የሚሰበሰብበት ውድድር ላይ በብስክሌት ልወዳደር ነው፤ በጎዳናውም በክብ ሜዳውም።»

«ስመ ሥላሴ!» ብዬ አማተብኩ።

የክትባቱን ዕቃ በአህያ የጫነልን ሰው ደነገጠ። «ምነው ሲስተር፣ ክፉ ነገር ነው?»

«ኧረ ደስታ ነው፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ እልል በያ!»

አልኩ። እዚያው አቀበቱ ላይ።

ሰቆጣ ያመጣኝ ሥራ ነው፤ ቤተሰቤ ጎጃም ነው። ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ሦስቴ የማማትብ ሰው ነኝ፤ እህቴ ደግሞ ቁልቁለት ስታይ ነው ፊቷ የሚፈካው። ከመሄዷ በፊት ደወልኩላት።

«ስትጨርሺ አማትቢ፣ እሺ?»

«በዚያ ፍጥነት መሪውን ልልቀቅልሽ? ጥርሴ ይርገፍ?»

«በይ በልብሽ ይሁን» አልኳት፤ ቅር ግን አለኝ። እንዳትወድቅም እንዳትረሳም ነበር የምፈልገው።

የጎዳናው ዕለት መብራት ጠፍቶ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መሀል ሆና በደህና መግባቷን በስልክ ሰማን። ለክብ ሜዳው ግን የአከራዬ ቤት በጎረቤት ሞላ። አከራዬ እናቴን የሚያህሉ የሰቆጣ ሴት ናቸው፤ ሲጨንቃቸው አማርኛውን ትተው በኽምጠኛ ይጸልያሉ። ያን ቀንም ጀመሩ። ብስክሌተኞቹ ተጠጋግተው ሲሽከረከሩ ቆይተው፣ ካሜራው ዞር ብሎ ሲመለስ እህቴ ከሁሉም ኋላ ብቻዋን ናት።

«ውይ ልጄን! ጥለዋት ሄዱ!» አሉ አከራዬ።

«አይዞሽ፣ መሳተፉም ትልቅ ነገር ነው» አለኝ ጎረቤታችን አስተማሪው፤ ቆሎም ዘገነልኝ፣ ለቅሶ የተቀመጥኩ ይመስል።

እሷ ግን እየተጠጋቻቸው ነው። ወዲያው የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ጮኸ፦ «ሙሉ ዙር ልትደርብባቸው ነው!»

«ቀዳሚ ከሆነች ከኋላቸው ምን ትሠራለች?» አሉ አከራዬ።

«ዞራ መጣችባቸዋ፣ እማማ! አንድ ዙር ቀድማ!» አለ አስተማሪው።

«እንዲህ አትሉኝም ታዲያ! በከንቱ አስለቀሳችሁኝ!»

መጨረሻው ሲደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እልልታ ብቻ ሰማሁ። ለካ ውድድሩ የሚለየው በተሰበሰበ ነጥብ ነው፤ ዙር መደረቧ ብዙ ነጥብ ቢያስገኝላትም ሁለት ልጆች በልጠዋት ሦስተኛ ወጣች፤ እኛ ቤት ግን አንደኛ የወጣች ያህል ተጨፈረ።

«አማተበች ወይ?» አልኩ ነጠላውን ገልጬ። አከራዬ «በዓይኔ በብረቱ!» ይላሉ፤ አስተማሪው ካሜራው አሸናፊዋ ላይ ነበር ይላል። እህቴን ብጠይቃት «አላየሽም እንዴ?» ብላ ስቃ ዘጋችው።

እዚያ ሜዳ ዳር የነበራችሁ፣ በእግዜር ይሁንባችሁ፣ ንገሩኝ፦ መስመሩን ስታልፍ ቀኝ እጇ ከመሪው ተነሥቶ ነበር? ተነሥቶም ከሆነ አልቆጣትም።