ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ካንዴላ

የዚያን ዕለት ጠዋት ካንዴላ፣ ያን የሞተር እሳት መጫሪያ፣ እያሰጣሁ ነበር። ይሄን ለሰው አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ልጄ፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

አያትሽ ትቶልኝ የሞተው የመኪና ዕቃ ሱቅ ነበረኝ፣ እዚሁ ቦንጋ። ዝናቡ በጣሪያው ገብቶ የካንዴላውን ካርቶን ሁሉ አራሰው። አወጣሁና ከኮረሪማው ጎን ጆንያ ላይ አሰጣሁት፤ ሁሉንም ባንድ ላይ። ሲደርቅ ወደየካርቶኑ ልመልሰው ስል ቀጥ አልኩ። የቱ ነው የቀዩ ካርቶን? የቱ ነው የሰማያዊው? ላዩ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን ማንበብ አልችልም። ያን ሁሉ ዓመት የሸጥኩት የካርቶኑን ቀለም እያየሁ ነው፤ ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም። በግምት መለስኩት።

ካንዴላም ሙቅና ቀዝቃዛ አለው፤ ሙቁ በቀይ ካርቶን፣ ቀዝቃዛው በሰማያዊ። ጉልበት ለተጨመረለት ሞተር ቀዝቃዛው ነው የሚገባለት፤ ሙቁ ከገባ እንደ ፍም ግሎ ፒስተን ይበሳል። ይሄን አውቅ ነበር። ምነው ባላወቅሁ!

ቀትር ላይ መካኒኩ ጋሽ አዳነ መጣ። የጋሽ ተካን ፒካፕ፣ ቡና ጭና የማንኪራን ዳገት እንድትወጣ ብሎ ሞተሯን አጠንክሮላታል።

"እትዬ፣ ቀዝቃዛውን አራት ስጪኝ።"

ከሰማያዊው ካርቶን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ደግሞ አራቀው። ዓይኑ ደክሞ ነበር።

"ቀዝቃዛው ነው አይደል?"

"በማርያም፣ እሱው ነው! ደግሞ እኔን ልትፈትን መጣህ?"

"ኧረ አንቺንማ ማን ይፈትናል!" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ማልኩ። እኔ ነኝ የማልኩት፣ ያውም በሷ። አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!

ፒካፗ ሺሺንዳ ሳትደርስ ፒስተኗ ተበሳ። ካንዴላው ተፈቶ ሲነበብ ሙቁ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ተካ ገበያ መሃል፣ "አንተ ዕውር! መኪናዬን ገደልካት!" እያለ ጮኸበት። ጋሽ አዳነ ምን አለ መሰለሽ? "እትዬማ ምላልኛለች። ጋራዥ ካለኝ ጋር የቀላቀልኩት እኔው ነኝ፣ ዓይኔ ከድቶኛል" አለ። እዚያው ቆሜ ነበር። ሰማሁ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ መኪናውን የሚሰጠው ጠፋ። መፍቻውን ሰብስቦ ማንኪራ ገባ፣ ንብ እያረባ ኖረ፣ እዚያው አፈር ገባ። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያኔስ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። አፍሬ ነው እንዳልል፣ ኃፍረቱን ያሸከምኩት እሱን ነው። ማሩኝ አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር።

ከለቅሶው ስንመለስ ጎረቤቴ ዘነበች እጄን ይዛ ያለችኝንም ጻፊው፦

"ያን ጊዜ አገር ሁሉ ሲያማው፣ ካንቺ አፍ ብቻ ክፉ አልወጣም። ለኔም እንዳንቺ ያለ አፍ ይስጠኝ።"